የባሮኑ ምድር ቤት በጊንጆ ጉዱሩ

መስከረም 6፣ 1975

ጣሪያው ዛሬም አፈሰሰ። የጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ የንባብ ቤቱን ቁልፍ ሲሰጠኝ «ሶረቲ፣ መጻሕፍቱን አደራ» አለኝ እንጂ ከዝናብ አላለኝም። ባልዲውን ከመደርደሪያው ሥር፣ ድስቱን ከወንበሬ አጠገብ አድርጌ ገና ከመቀመጤ አንድ ካርቶን አሮጌ መጻሕፍት መጣልኝ። አብዛኛው ሂሳብ ነው። ከሥር ግን ሽፋን የሌለው ልቦለድ አገኘሁ፦ «የባሮኑ ምድር ቤት»። አንድ ፈረንጅ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ጻፈው ይላል መግቢያው። ተርጓሚው ስሙን አልጻፈም። ፈርቶ ይሆናል።

ማንም ሳይመዘግበው በሻርፕ ጠቅልዬ ቤት ይዤው ገባሁ። መዝጋቢዋም እኔው ነኝ፣ ማን ይከሰኛል!

መስከረም 8

ጨረስኩት! ሽሮ አሳረርኩበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ገደል አናት ላይ ሠላሳ ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት አለ። ባሮኑ ለርስት ሲል ታናሽ ወንድሙን አልቪንን ይገድልና ምድር ቤት ወስዶ ግድግዳ ይገነባበታል። ለጠየቀው ሁሉ «ወንድሜ ውጭ አገር ሄደ» ይላል። ከዚያማ ግድግዳው በየሌሊቱ ይንኳኳል። አገልጋዮቹ ይሰማሉ፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። መጨረሻ ላይ ቤቱ ራሱ ተደርምሶ ገደል ይገባል። ደስ ሲል!

ለእማዬ ተረኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና ስጨርስ፣

«እናቱስ?» አለች።

«የማን?»

«የልጁ ነዋ።»

እናትየዋ በመጽሐፉ ውስጥ አንዴ ነው የምትታየው። ደረጃውን ወርዳ «መጣ?» ትላለች። ባሮኑ «አልመጣም» ይላታል። ተመልሳ ትወጣለች። ይህንኑ ነገርኳት።

«ይሄ ጸሐፊ እናት አልነበረችውም እንዴ?» አለችና ሽንኩርቱን ጥላ ወጣች። ለጸሐፊው አዘንኩለት።

መስከረም 13

አንባቢ ብዙ፣ መጽሐፉ አንድ። ጠይባ፣ የልብ ጓደኛዬ፣ መላ አመጣች። አባቷ ሐጂ ጀማለዲን ልብስ ሰፊ ናቸው። መጽሐፉን በየምዕራፉ ገነጠልነው፣ እሳቸው እያንዳንዱን ምዕራፍ በሱሪ ክር ሰፉልን፣ አሁን አሥራ ሦስት ሰው በአንዴ ይዋሳል። ጣጣው ማንም በተራው አለማንበቡ ነው። አንዷ መምህርት ቤቱ ሲደረመስ ካነበበች በኋላ መጀመሪያው ደረሳትና «ይሄ ቤትማ አሁን ነው የፈረሰው፣ እንዴት ቆመ?» ብላ ልትጣላኝ መጣች።

መስከረም 17

መስቀልም ሆኖ ወሬው ባሮኑ ነው። ዛሬ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ የሰማሁትን ሳልረሳው፦

ጠይባ፦ «ሠላሳ ክፍል ለአንድ ሰው! ትርፍ ቤት አይደል እንዴ? ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ የት ሄዶ ነው?»

ሐጂ፦ «ጀናዛው ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት፣ ጭቃ ለስነውበት! እና ቢያንኳኳ ምን ይገርማል? ወላሂ እኔም አንኳኳለሁ።»

አባቦራ፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ ታሪኩን ግን ከሁላችን በላይ ያውቁታል። «እዚያ አገር እድር የለም ማለት ነው?» አሉ። «ሠላሳ ክፍል የሠራ ሰው እንዴት እድር አይገባም? የሚነፋለት ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

አንድም ሰው ሙት ተነሣ ብሎ አልፈራም። ፈረንጁ ሊያስፈራን የደከመው ሁሉ ገደል ገባ። ሰዉን ያበሳጨው አለመቀበሩ ነው።

መስከረም 22

እማዬ ምሳዋን አሁንም ለጎረቤት ድመት ሰጠች። ሐኪሙ በሽታ የለባትም ብሏል። ቀሚሷ ግን ሰፍቷታል።

ወንድሜ ለይኩን ከሄደ በታኅሣሥ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ሄደ ነው የምንለው። ከቤት ወሰዱት፣ ከሳምንት በኋላ «አትጠብቁ» ተባልን፣ «ማልቀስ ክልክል ነው» ተባልን። አስከሬን አልሰጡንም። ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ጎረቤት በአጥር ሥር እያየን አለፈ። አልፈርድባቸውም። እማዬ ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ አትደርስም። አንድ ጠብታ እንባ አላየሁባትም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ሆድ ይፍጀው ይባላል። እውነትም ፈጃት፣ በዓይኔ እያየሁ እያለቀችብኝ ነው። የማደርገውን ባውቅ ምን ነበረበት!

ስለ መጽሐፉ ነበር ልጽፍ የተነሣሁት።

መስከረም 27

ጓድ ሙሐዲን ንባብ ቤት መጣ። የቀበሌያችን የባህል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ሕዝቡ እንዲህ የወደደው መጽሐፍ ቲያትር ይሁን አለ፤ ጥቅምት 20 ከላይ እንግዳ ይመጣል። ደራሲዋ? እኔ! ጉድ ፈላ።

«ነገር ግን» አለ፣ ጣቱን አንሥቶ፤ «መንፈስ የሚባል ኋላ ቀር አስተሳሰብ መድረክ ላይ አይወጣም።»

«ታዲያ ማን ያንኳኳ?»

አሰበ፣ አሰበ። «የጭቁኑ ሕዝብ ድምፅ ነው በይው።»

እንግዲህ አልቪን ሙት መሆኑ ቀርቶ ሰፊው ሕዝብ ሆነ።

ሙሐዲንና ለይኩን አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ያኔም ቀበሌ ውስጥ ነበረ። ምንም አላደረገም። ምንም ስላላደረገ ነው ከሥራ ውጭ የማላናግረው።

ጥቅምት 3

ልምምድ። ዳባ አልቪን ሆነ። ከሊሙ ገነት ቡና የሚያመላልስ መኪና ላይ ረዳት ነው፤ መኪናው ጭቃ ሲይዘው ልምምዱም ይቀራል። ዛሬ ፊቱን ዱቄት ቀብተን ከግድግዳው ኋላ አቆምነው። ግድግዳው የኬሻ ነው።

«ንግግር የለኝም እንዴ?» አለ።

«ሞተሃል እኮ።»

«የሞተ ተጎዳ!» አለና ተቀመጠ።

ባሮኗ ጠይባ ናት። ለድርሻው ወንድ ጠፍቶ ሳይሆን ከሷ በላይ የሚጮህ ጠፍቶ ነው። ሐጂ ካባ ሰፍተውላት ልምምዱን ቆመው አዩ፣ «ልጄ ነፍሰ ገዳይ ሆና ቀረች» እያሉ ይስቃሉ።

ጥቅምት 7

በቲያትሩ መጨረሻ የቤቱ ደወል በራሱ ጊዜ መጮህ አለበት። የቤተ ክርስቲያን ደወል ማን ያውሰናል? የትምህርት ቤቱን ብረት በድንጋይ መታነው፤ ሕፃናቱ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤት መሮጥ ጀመሩ። ዳባ «የእድሩ ጥሩምባ!» አለ።

አባቦራ አይሆንም አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥሩምባ መጫወቻ አይደለም። እኔ ስነፋ ሰው እርሻውን ጥሎ ነው የሚመጣው።»

ለመንኳቸው። ለመንኳቸው። በመጨረሻ «ማል ጎና፣ ምን ይደረግ፣ እኔ ራሴ እነፋለሁ እንጂ ለልጅ አፍ አልሰጥም» አሉ። መድረክ ላይ ወጥተው ነፍተው «አልቪን ዐርፏል» ይላሉ። አንድ መስመር። በመጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ግን እድርተኛው ደስ ይበለው ብዬ ጨመርኩት።

ጥቅምት 12

እማዬ ድንገት፦ «እናትየዋን ማን ነው የሚሠራት?»

«ማንም። አወጣኋት።»

«አወጣሻት።»

«ትልቅ ሴት መድረክ አትወጣልንም፣ እማዬ። ደግሞ አንድ ቃል ነው ያላት።»

የታጠበውን ሰሃን መልሳ አጠበችው።

ሰው ስላጣሁ ነው ያወጣኋት። ሰው ስላጣሁ ነው! ጠይባ አክስቷን ላምጣ ብላኝ ነበር፣ አይ አልኩ። ለምን አይ እንዳልኩ እንጃ። ያቺ ሴት ደረጃውን ወርዳ «መጣ?» ስትል፣ ከፊቷ ተቀምጬ መስማት አልፈልግም።

ጥቅምት 18

ሁለት ቀን ቀረን። ዳባ ሊሙ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። ካባው አጥሯል። ሙሐዲን ሁለት ገጽ ንግግር አስገባልኝ፤ ባሮኑ ከመሞቱ በፊት ስለ ፊውዳል ሥርዓት ይናገራል። ጠይባ «ቤት እየተደረመሰበት?» አለች። ማልቀስ ባለባቸው ቦታ ማልቀስ ያቃታቸውን ልጆች ሽንኩርት ላስይዝ ብዬ ነበር፤ አባቦራ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብለው ገሠጹኝ።

እማዬ «መጥቼ አያለሁ» አለች። እባክሽ ቅሪ፣ አዳራሹ ይበርዳል፣ ወንበሩ ይቆረቁራል አልኳት።

«ቁርጥማት የለብኝም» አለች።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ዳባ ደረሰ። ዱቄት አለ። ዝናብ የለም። እማዬ ነጠላዋን እየለበሰች ነው።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ካልጻፍኩት አላምነውም።

አዳራሹ ሞልቶ ከጎረቤት ቀበሌ ከቦሳ አዲስ የመጡት መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። የፊት ወንበር ላይ ሙሐዲንና ከላይ የመጣው ጓድ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ እማዬ፣ ከሐጂ አጠገብ። ጠይባ አንበሳ ሆነች። ፊውዳሉን ረገመች፣ ጭብጨባ። ዳባ ኬሻውን አንኳኳ፤ የኬሻ ነገር፣ ድምፅ አልሰጠም፣ ሰዉ ግን «ስሙት! እያንኳኳ ነው!» እያለ ራሱ ወንበሩን ይመታል። እንዲህ ያለ ተመልካች የት ይገኛል!

የጥሩምባው ተራ ደረሰ። አባቦራ የሉም! ለካ ጣሪያ ሥር መንፋት አልሆን ብሏቸው ወጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ሰፈሩን እየዞሩ እየነፉ ነው። ድምፁ ይርቃል፣ ይቀርባል። ቲያትሩን ያልሰማ ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኋላቸው ተከተለ። በሩ ተከፈተና አንድ ሰፈር ለቀስተኛ ይዘው ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ በሳቅ ልሞት ደረስኩ።

አባቦራ መድረኩ ላይ ወጡ። አንዴ ነፉ። ከዚያ በዚያ በለመድነው ድምፃቸው፣

«እድርተኛ ስማ! የእድርተኛችን የወይዘሮ ትርፌ ልጅ፣ ለይኩን ነጋሳ ዐርፏል!»

አልቪን አላሉም።

አባቦራ ራሳቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እኔ የማየው እማዬን ብቻ ነው። ቀስ ብላ ተነሣች። ወደ በሩ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ቆመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች።

«ወይኔ ልጄ! ወይኔ ለይኩኔ!»

አምስት ዓመት የታመቀ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእማዬ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሐጂ ክርኗን ይዘው ደገፏት፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላሉ። ዳባ ኬሻውን ገልጦ ወጣና መሬት ላይ ተቀምጦ ዱቄቱን በእንባ አቦካው። ጠይባ ካባዋን እንደለበሰች ከመድረክ ዘልላ እማዬን አቀፈቻት። እኔም አለቀስኩ። ጮኼ አለቀስኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አልጮህኩም። ወንድሜ ሞቷል። ለይኩን ሞቷል።

ከላይ የመጣው ጓድ ወደ ሙሐዲን ዘንበል ሲል መጋረጃው አጠገብ ነበርኩ፣ ሰማሁት።

«ይሄ ድርሰቱ ላይ አለ?»

አሁን አለቀልን አልኩ። አባቦራን ሲወስዷቸው፣ እማዬን ሲወስዷት ታየኝ። ሙሐዲን ግንባሩን ጠረገ።

«አለ፣ ጓድ» አለ። «በመጨረሻው ልምምድ የተጨመረ ነው።»

«የሕዝቡ ተሳትፎ ከፍተኛ ነው» አለ ጓድ፣ አጨበጨበም።

የባሮኑ ቤት ሳይደረመስ ቀረ። የጠየቀም የለም።

በኋላ አባቦራን አገኘኋቸው። ጥሩምባቸውን ታቅፈው አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። «አልቪን ልል ነበር» አሉኝ። «ያ ረቢ፣ አልቪን ልል ነበር። አምስት ዓመት አፌ ላይ የነበረው ወጣ። አጠፋሁ፣ ሶረቲ?» እጃቸውን ሳምኩ።

ያው እሑድ፣ ከሰዓት

ሙሐዲን ቤታችን መጣ! በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም፣ እንደ ስብሰባ ይናገራል።

«ጓድ ሶረቲ፣ በመመሪያው መሠረት ከማንኛውም ቲያትር በኋላ የሕዝብ ሂስ መካሄድ አለበት።»

«እሺ።»

«የንባብ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል።»

«ካፈሰሰ ቆየ፣ እኔ አይደለሁ የማመለክተው!»

«ስለዚህ ሂሱ በደራሲዋ ቤት ይሆናል። ሦስት ቀን። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ይምጣ። ለዝናቡ ነው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ማስታወቂያውን እኔ እፈርምበታለሁ።»

ድንኳኑን ልጠይቅ ወደ አባቦራ ሮጥኩ።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ግቢያችን ድንኳን ተተክሏል። ግቢያችን! የሐጂ ባለቤት ትልቅ ድስት ንፍሮ ላኩ። ሰዉ «ስለ ቲያትሩ አስተያየት ልንሰጥ ነው» እያለ እየገባ፣ እማዬ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ከዚያ አስተያየቱን ይሰጣል።

«አልቪን ትሑት ልጅ ነበር» አሉ አንዲት ጎረቤት። «ለልጄ አልጀብራ ያስጠናው ነበር።»

«ኳስም ይወድ ነበር» አለ ሌላው፣ «በተለይ በግራ እግሩ።»

ኳስ ምዕራፍ ስንት ላይ ነው? አልኩ በሆዴ። ዳር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ማስታወሻ ሲይዝ አየሁና ደነገጥኩ። ለካ የጠይባ ዘመድ ነው፤ ከአጋሮ መጥቶ መጽሐፉን ስላላነበበ ኋላ እንዲያነብ የአልቪንን ጠባይ እየጻፈ ነው።

እማዬ ንፍሮ በላች። ሁለት ጭብጥ። ድመቷ ባዶዋን ዋለች።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ቀን። ሁሉም ሊነሣ ሲል ሙሐዲን መጣ። ቆመ፣ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ሂስ የሰጠ ሰው ግለ ሂስም ያደርጋል» አለ። «ሁላችን ባሮኑን ስንረግም ሰነበትን። ቤቱ ውስጥ አገልጋዮች ነበሩ። ልጁ ሲወሰድ ያዩ። ሲያንኳኳ የሰሙ። ራሳቸውን ለማትረፍ ጆሯቸውን የደፈኑ።» እማዬን አያት። «እኔ ሰምቼ ነበር፣ እትዬ ትርፌ። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ልቤ ሊቀየመው ፈለገ፣ አሁንም ትንሽ ይቀየመዋል። እማዬ ትክ ብላ አየችው።

«ቁጭ በል» አለችው። «ንፍሮ ስጡት።»

ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እፍኙ ውስጥ እንደያዘ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሰዉ ሲወጣ አንድ በአንድ ወደ እማዬ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጥናዎት» አላት፤ ሐጂ ደግሞ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት»። አምስት ዓመት ሙሉ ይቺን ቃል የሚለን ሰው አጥተን ነበር። እማዬ ለሁሉም «አሜን» አለች።

ዕቃ ስናጥብ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አርባው መቼ ይውላል?» አለችኝ።

ከቅዳሜ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። «ኅዳር 29፣ ረቡዕ። ግን እማዬ፣ ጾም ነው። ደግሞ ቡናው የሚቀላበት ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ ለለቀማ ይበተናል። ደግሞስ በምን ስም እንጠራዋለን? ሂሱ እንደሆነ ዛሬ አለቀ።»

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ሞኝ ልጅ እንደምታይ።

«ታዲያ ሌላ ቲያትር ጻፊያ!»